ለአንቲ ካትሊን የታሰረው ማገጥ

እርጥብ ቅጠል በመቀስ ሲቆረጥ የሚወጣው ሽታ ሌላውን ሰው ሜዳ ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ቀብር ነው። ሰሞኑን አንዲት ወጣት ወደ አበባ ሱቄ መጣች። እንደ ዛሬ ልጆች ሰላምታዋን ሳትጨርስ ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየችኝ። "አያቴ አይሪሽ ነበር፤ ቀብሩ ቅዳሜ ነው። እንዲህ ያለ ይሠሩልኛል?" አለች። ባለ ሦስት ቅጠል ሆኖ በአረንጓዴ የተሠራ፣ ዳር ዳሩን ነጭና ብርቱካናማ አበባ የተሰካበት ጉንጉን ነበር። እሠራለሁ አልኳትና ሸኘኋት። አበባ የሚሰካበትን አረንጓዴ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ነክሬ የመጀመሪያውን ቅጠል ስቆርጥ ሽታው ተነሣ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወንበር ሳብኩ። ዕድሜ ሲገፋ እንዲህ ነው፤ ሰው ሥራ ጀምሮ ትዝታ ይዞት ይቀራል።

ያን ጊዜ እዚህ አገር ከአፓርታይድ በኋላ የመጣው መንግሥት ገና አዲስ ነበር። ዛሬ ጄፒ ጎዳና ላይ ከዳር እስከ ዳር አማርኛ ይሰማል፤ ያኔ ግን አንድ ሐበሻ ከሩቅ ካየን መንገድ አቋርጠን ሄደን እንሳሳም ነበር። ዳቦ ሁለት ራንድ፣ ታክሲ አንድ ራንድ ከምናምን ነበር። ጎረምሶቹ "ስፖርቲ" የሚሏትን ትንሽ ባርኔጣ እስከ ቅንድባቸው አውርደው፣ ሸራ ጫማቸውን በጥርስ ብሩሽ ፈትገው አንጥተው፣ ሱሪያቸውን ከቁርጭምጭሚት ከፍ አድርገው ማዕዘን ማዕዘኑን ይዘው ይቆማሉ። ታክሲው ሁሉ ኩዋይቶ የሚሉትን የጎረምሶች ዘፈን ያስጮኻል፤ ድምፁ ከጆሮ በፊት ደረት ነው የሚመታው። ባለቤቴ ከድር ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ ተሸክሞ ቴምቢሳ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ በር ለበር እያዞረ ሲሸጥ ቆይቶ፣ እዚያው ስፓዛ የሚሏትን የቆርቆሮ ሱቅ ከፍቶ ያድርባት ነበር። ዛሬ ስፓዛ ሲባል ፍሪጁ፣ ካሜራው፣ የብረት ፍርግርጉ ነው የሚታሰበው። የከድር ሱቅ ሳሙና፣ ሻማ፣ ሳርዲንና ዳቦ ነበራት፤ መስኮቷም በቢላዋ የተቆረጠ ቆርቆሮ ነበር። እኔ መሃል ከተማ፣ ማብሰያው የጋራ በሆነበት ፎቅ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሥራ ፍለጋ ስዞር ነው ከአንቲ ካትሊን ጋር የተገናኘነው።

ከአሮጌው መቃብር ስፍራ በር ፊት አበባ ትሸጥ ነበር። እዚህ አገር "ከለርድ" ከሚሏቸው ክልሶች ወገን ናት። ሰፊ አፍንጫ፣ በዝንጉርጉር ነጠብጣብ የተሞላ ፊት፣ ዝገት የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉርና ድመት የሚያስመስላት አረንጓዴ ዓይን ነበራት። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ ስለማላውቅ ቆሜ አፈጠጥኩባት። "ምን ታፈጥጫለሽ፣ ልጄ? ወይ ግዢ፣ ወይ ባልዲውን ያዢልኝ" አለችኝ። ባልዲውን ያዝኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቅኩትም።

ወራቤ አካባቢ ባደግኩበት መንደር ለሞተ ሰው ዱዓ ይደረጋል፣ ሰደቃ ይወጣል፤ አበባ የንብ ነው። ከድር ሥራዬን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። "ረቢያ፣ ለሬሳ አበባ? ሬሳው ያሸተዋል እንዴ?" አለኝ። ይህንኑ ወስጄ ለአንቲ ካትሊን ነገርኳት። እጇ ሽቦ እየጠመዘዘ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። "ለሬሳው ማን አለሽ? አበባው የሚያወራው ከቆሙት ጋር ነው። ይሄ ሰው እንዲህ ነበረ፣ እንዳትረሱት ይላቸዋል።" ለማዕድን ቆፋሪ በቢጫ አበባ ዶማ ትሠራለች። ለታክሲ ነጂ መሪ፣ ለኳስ ተጫዋች ክብ ኳስ ከነጥቁር ምልክቱ ትሠራለች። አንድ ጊዜ ለአንዲት ልብስ ሰፊ፣ መርፌዋ ሳይቀር በብርማ ቅጠል የተሠራ የስፌት መኪና ሠርታ፣ የሟቿ ባል መኪናው ላይ እጁን ጭኖ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ያን ቀን ነው ይህ ሥራ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ።

በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ የአይሪሾች ቅዱስ በሚከበርበት ቀን፣ አንቲ ካትሊን አረንጓዴ ቀሚሷን ትለብሳለች። ጃንጥላዋ ላይ አረንጓዴ ሪባን ታስራለች። አላፊ አግዳሚው ያሾፍባታል። "የየትኛው አየርላንድ ነሽ አንቲ? የዌስትበሪ አየርላንድ?" ይሏታል፤ ዌስትበሪ የክልሶቹ ሰፈር፣ ቤቷ ያለበት ነው። እሷ አገጯን ቀና አድርጋ "የአባቴ" ትላቸዋለች።

ገበያ በቀዘቀዘበት ቀን ታሪኩን አጫወተችኝ። አባቷ ዳንኤል ከአየርላንድ በመርከብ የመጣ የባቡር ነጂ ነበር። እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች። በዚያ ዘመን ሕግ ነጭና ሌላው መጋባት ቀርቶ አብሮ መታየትም ያሳስር ነበር። "እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣል" አለችኝ። "በረንዳችን ላይ የተገለበጠ የላምባ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ጫማዬን ይወለውልልኛል። ጫማው እስኪያበራ ድረስ ስለ አገሩ ያወራኛል፤ ጫማዬ ቶሎ እንዳያበራ እጸልይ ነበር።" ከግቢው ሣር መሃል ባለ ሦስት ቅጠሏን ተክል እየቀጠፈ፣ የአገራቸው ቅዱስ ስለ ሥላሴ ያስተማረው በዚህች ነው ይላታል። እሷም ከባልዲው ሥር አንዲት ቀጥፋ አሳየችኝ። "ይቺማ ማገጥ ናት! እኛ አገር ላም ነው የሚበላት" ብዬ ጮኽኩ። "እንግዲያው ላሞቻችሁ ካቶሊክ ናቸዋ!" አለችና ሁለታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

ከዚያ አንድ እሑድ አልመጣም። የሚቀጥለውም እሑድ አልመጣም። ነጭ ሴት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ከተማው ሌላ ጫፍ መኖር ጀምሮ ነበር። "ትቶሽ ሄደ?" አልኳት፤ ገና ልጅ እግር ነበርኩና እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አላውቅም። "ትቶኝ ሄደ" አለች። "አባቴነቱን ግን ይዞት ሊሄድ አይችልም፤ እኔ ጋ ነው የቀረው። ስሞት ሊሊ አበባ እንዳታሸክሙኝ። ያገሩን መስቀል፣ ያን ባለ ክቡን፣ በዚህች ቅጠል ሠርተሽ አልብሺኝ። ሻረን ታውቃለች።" ሻረን የመጀመሪያ ልጇ ናት፤ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበረች።

አንቲ ካትሊን በክረምት ሞተች፤ የዚህ አገር ክረምት ደግሞ ደረቅና ውርጭ ነው። ሻረን ራሷ መጥታ ነገረችኝና ይዛኝ ወደ ቤት ሄደች። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። የሻረን ታናሽ ወንድም ሪቻርድ በሩ ላይ ቆሟል። ጋራዥ ያለው፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ፣ እናቱን በጣም የሚወድ ሰው ነበር። የመስቀሉ ነገር ሲነሣ ፊቱ ጠቆረ።

"ያ ሰውዬ ምን አደረገላት?" አለ። "አንድ ቀን በሰው ፊት ልጄ ብሎ ጠርቷታል? እናቴን ያሳደጋት የሰው ልብስ እያጠበች እጇ የተላጠው አያቴ ናት። አበባ ከተሠራ ለእሷ ወገን ይሠራ!"

"ሪቻርድ፣ እማዬ ያለችው ይሄን ነው" አለች ሻረን።

"እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ያልመጣን ሰው ስትጠብቅ ኖረች። መቃብር ውስጥም ትጠብቀው? ሳጥኗ ላይ ካየሁት አነሣዋለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ሥሪው ካልሽ ሥሪው እህቴ። ለፋሁ ብለሽ ግን እንዳታዝኚብኝ።"

እውነት ለመናገር ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሌሊቱን ሳገላብጠው አድሬ፣ ለሟቿ ቃል እንዳለብኝ ገባኝ።

የመስቀሉን ቅርጽ በወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። እናም ትልቁ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይሪሽ ቄስ አሉ ሲሉኝ ሻርፔን አስተካክዬ ሄድኩ። በጣም ያረጁ ሰው ነበሩ። ጉዳዬን ስነግራቸው በመስኮቱ አቧራ ላይ በጣታቸው ሣሉልኝ፤ መስቀል፣ መሃሉን የሚያቅፍ ክብ። "ለማን ነው?" አሉኝ። የእሷን ስም ነገርኳቸው። የአባቷንም ጨመርኩ፤ የባቡር ነጂው ዳንኤል አልኳቸው። ቄሱ መደገፊያ ፈልገው ወንበሩን ያዙ። ከዚያ "ቀብሩ የትና መቼ ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ወረቀት ላይ ጻፉት።

ከጅምላ የአበባ ገበያው ነጭ ክሪሳንተመምና ብርቱካናማ ጀርቤራ ገዛሁ። "የአየርላንድ ደወል" የምትባለውንም፣ ግንዷን ሙሉ አረንጓዴ ደወል የምታንጠለጥለውን አበባ፣ ጥቂት አገኘሁ። ማገጥ ግን ማን ይሸጣል? ሜዳው ሁሉ እንደ ገለባ ነጥቷል፤ ውርጩ ሣሩን ጨርሶታል። ፓርኩን፣ የትምህርት ቤቱን ሜዳ፣ የመንገዱን ዳር ሁሉ ጎንበስ እያልኩ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ማታ ከድር በሕዝብ ስልክ ሲደውል አለቀስኩበት። ሰማኝና "ሱቄ አጠገብ ያለው ቧንቧ ከበጋ ጀምሮ ያንጠባጥባል። ሥሩ አረንጓዴ ነገር አለ። ያንቺ ማገጥ ይሁን ሌላ እንጃ፤ ነገ ነይና እይ" አለኝ።

ሄድኩ። ቴምቢሳ ያን ጠዋት በከሰል ጭስ ተሸፍና ነበር። ቧንቧው ካለበት፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ከሚፈስበት ጋ፣ ያ ሁሉ ቢጫ መሬት መሃል አንዲት አረንጓዴ ምንጣፍ ተዘርግታለች። ማገጥ! ተንበርክኬ መቅጠፍ ስጀምር ውሃ ሊቀዱ የተሰለፉት ሴቶች ከበቡኝ። "ሳዎቦና ማ፣ ሣሩን ለምንሽ ነው?" አለችኝ አንዷ፣ በዙሉ ሰላም ብላ፤ የከድር ደንበኛ ነበረች። ታሪኩን በዚያ በተሰባበረ ዙሉዬ እንዴት ላስረዳ? "እናቴ ሞታ ነው፤ ላለብሳት ነው" አልኩ። እናቴ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔም ገና መስማቴ ነበር።

ሴትየዋ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች። ተንበረከከች። ሌላዋም፣ ሌላዋም ተንበረከኩ። ሥሯ እንዳይነቀል አገዳዋን በጥፍራቸው እየቆረጡ፣ በእርጥብ ጋዜጣ እየጠቀለሉ ያቀብሉኛል። አንዲት አሮጊት፣ ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ቆመው የቀሩ፣ የቀብር መዝሙር በዝግታ ጀመሩ። ሌሎቹ ቀና ሳይሉ ተቀበሏቸው። የማያውቋት ሴት፣ የማያውቁት አገር ቅጠል! ከድር ከቆርቆሮ መስኮቱ ብቅ ብሎ አይቶ፣ ሱቁን ትቶ መጣና ሱሪው እንደሚረጥብ እያወቀ ከጎኔ ተንበረከከ። እስከ ዛሬ ስለ ሰው ልጅ ተስፋ ስቆርጥ ያን ጠዋት አስባለሁ።

ታክሲ ውስጥ ባልዲውን ጭኔ ላይ ይዤ ተመለስኩ። መስቀሉን ስሠራ ዋልኩ። ክቡን በደወሎቹ፣ ክንዶቹን በማገጥ ሸፈንኩ፤ ነጩንና ብርቱካናማውን ከሥር እንደ ጥለት አደረግሁት። ማገጡን አንቲ ካትሊን እንዳስተማረችኝ ሦስት ሦስት አድርጌ እየጎነጎንኩ፣ የእያንዳንዱን ጫፍ ወደ ውስጥ እየቀበርኩ አሰርኩት። ስጨርስ አልነካው ብዬ ራቅ ብዬ አየሁት። እኔ የሠራሁት አልመሰለኝም።

በቀብሩ ቀን ከድር ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሻረን መስቀሉን ሳጥኑ ላይ አኖረችው። ሪቻርድ ጥርሱን ነክሶ አየው። መቃብሩ ዳር ደርሰን ሳጥኑ ሊወርድ ሲል ግን ወደፊት ራመድ አለና እጁን ዘረጋ።

"እባክህ፣ ተወው" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ዞርን። ሽማግሌው ቄስ የአንድ ሌላ ሽማግሌ ክንድ ይዘው ይመጣሉ። ሰውየው ነጭ ነው፤ ባርኔጣውን በደረቱ ይዟል። ሲጠጋን ትክ ብዬ አየሁት። ያ ነጠብጣብ ፊት፣ ያ አረንጓዴ የድመት ዓይን፣ አገጭን ቀና አድርጎ መራመዱ ሳይቀር ያው ነው። አንቲ ካትሊን የወንድ ልብስ ለብሳ ወደ ገዛ ቀብሯ የመጣች መሰለኝ። ከሕዝቡ መሃል አንዷ ሴት "ጌታዬ ሆይ" ስትል ሰማሁ።

"አንተ ማነህ?" አለ ሪቻርድ።

"ብሬንዳን እባላለሁ። የዳንኤል ልጅ ነኝ።" ዓይኑ ከመስቀሉ ላይ አልተነሣም። "አባቴ ሲሞት ሳጥኑ ላይ እንደዚህ ያለ መስቀል ነበር። ባለ ክብ፣ በዚሁ ቅጠል፣ እንደዚህ ሦስት ሦስት እየሆነ የተጎነጎነ። ስም አልነበረበትም። እናቴ ማን አመጣው ብላ ጠየቀች፤ መልስ የሰጣት የለም። አስነሥታ ግድግዳ ሥር አስጣለችው። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ተመልሼ መቃብሩ ላይ አኖርኩት። ካየሁት አበባ ሁሉ እሱ ነበር አባቴን የሚያውቀው። ማን እንደሠራው ስጠይቅ ኖሬ፣ ትናንት እኚህ አባት ነገሩኝ።"

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ካትሊን ራሷ በጓሮ በር አመጣችው፤ ከእጇ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እስክትሞት ድረስ ስሟን እንዳልናገር ለመነችኝ። ቃሌን ጠብቄያለሁ።"

ሻረን አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አታውቅም ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ያ ጥሏት የሄደ ሰው ሲሞት፣ ከሐዘንተኞቹ ጋር መቆም ስለማይፈቀድላት፣ ያገሩን መስቀል ሠርታ፣ በጓሮ በር ሰጥታ፣ ዞራ ወደ አበባዎቿ ተመልሳለች። እኔ ከጎኗ ስንት ዓመት ሽቦ ስጠመዝዝ ይህን አንድም ቀን አልነገረችኝም። ንፋሱ የአበባዎቹን ፕላስቲክ ያንኮሻኩሻል። ከድር ከአጠገቤ "ሱብሃነላህ" አለ በሹክሹክታ።

ሪቻርድ እጁን መለሰ። ወደ ሽማግሌው ዞረ። "የተጣለውን አንሥተህ መልሰህ ያኖርከው አንተ ነህ?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

ሻረን መስቀሉን አነሣች፤ ሳጥኑ ወረደ። እዚህ በክልሶቹ ዘንድ አፈሩን የሚመልሱት የሟች ቤተሰብ ወንዶች ናቸው፤ መጀመሪያ አካፋ የሚይዘውም የቅርብ ዘመድ ነው። ሪቻርድ አካፋውን አነሣ፤ ሁላችንም እሱ እንደሚጀምር ጠብቀን ነበር። ዞሮ ለሽማግሌው ዘረጋለት። "እንካ አጎቴ" አለው። "እህትህ ናት። አንተ ጀምር።"

ሽማግሌው አካፋውን ያዘ፤ ማንሣት ግን አቃተው። ሪቻርድ ከኋላው መጥቶ፣ እነዚያን ሰፋፊ እጆቹን ከሽማግሌው እጆች በታች አድርጎ፣ አብረው የመጀመሪያውን አፈር መለሱ። ከዚያ ወንዶቹ ሁሉ ገቡበት፤ ከድርም ኮቱን አውልቆ ገባ። ጉብታው ሲያልቅ ሻረን መስቀሉን አናቱ ላይ አኖረች።

ከቀብር በኋላ ቤት ገብተን ብርያኒ የሚሉት ሩዝ ሲቀርብ ብሬንዳንን የቤተሰቡ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሳህኑን ጉልበቱ ላይ ይዞ አልነካውም። የልጅ ልጆቿ ፊት ለፊቱ ቆመው ዓይኑን ዓይኑን ያዩታል። እሱም ያያቸዋል። በመጨረሻ ቀና አለና፣ እንደሚያፍር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

"ድምፅዋ ምን ዓይነት ነበር? እባካችሁ ንገሩኝ፤ ምን ነበር የሚያስቃት?"

የልጅ ልጆቿ ወደ ሻረን ዞሩ። ከዚያ ሻረን፣ ሪቻርድ፣ ጎረቤቶቿ፣ እኔም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመርን።